ከባድ ጨዋታ በትንሽ መሣሪያ ላይ

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ከሥራው ሲያርፍ መጫወት ይወዳል። አባቶቻችን ገበጣና የገና ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ እኛም እነዚህን ጨዋታዎች ፈጽሞ አልተውናቸውም። ዳሩ ግን በአሁኑ ጊዜ በከተማችን በባሕር ዳር፥ ከትምህርት በኋላ በጣና ዳር ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር የሚቀመጡትን ወጣቶች ብንመለከት፥ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው በስልካቸው ሲጫወቱ እናገኛቸዋለን። ወላጆቻችን ይህን ሲያዩ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በዚያች ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው፥ ጨዋታው ራሱ የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ሊሆነው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ለትልቅ ኮምፒዩተር ታስቦ የተሠራ ከባድ የቪዲዮ ጨዋታ፥ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ላይ ሳይንቀጠቀጥ፥ መሣሪያውን ሳያግልና ባትሪውን ቶሎ ሳይጨርስ እንዲሄድ ምን ማድረግ ይገባል? ጥያቄው የጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ቤት ያለው ስልክ አንድ ሲሆን የምንጠቀምበት ልጆች ሦስት ነን፤ የ12ኛ ክፍል መጻሕፍቴም በዚያው ስልክ ውስጥ ናቸው። መብራት በጠፋበት ማታ በጨዋታ ያለቀ ባትሪ ለጥናት አይገኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ፈለግሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

የሥዕሉ መንቀጥቀጥ ከምን ይመጣል?

በመጀመሪያ በስክሪኑ ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ በእውነት እንቅስቃሴ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚያሳየን አንዱ ከሌላው ጥቂት የሚለይ ብዙ የቆመ ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ በፍጥነት ስለሚከታተሉ ዓይናችን አንድ ተንቀሳቃሽ ነገር አድርጎ ይቀበላቸዋል። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ሥዕል ፍሬም ይሉታል። የሲኒማ ፊልም ብዙውን ጊዜ በሰኮንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ ነገር ግን የፊልሙ ሥዕሎች አስቀድመው ተዘጋጅተው ያለቁ ናቸው። በጨዋታ ግን ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሂድ ወይም ወደ ቀኝ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፥ መሣሪያው እያንዳንዱን ሥዕል እዚያው በዚያው ስሎ ማድረስ አለበት።

በሰኮንድ 60 ፍሬም ቢፈለግ፥ 1000 ሚሊሰኮንድ ለ60 ሲካፈል ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። 30 ፍሬም ቢፈለግ ደግሞ 33.3 ሚሊሰኮንድ ይደርሰዋል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሲፒዩ የሚባለው ክፍል ጠላት የት እንዳለና ኳሷ ወዴት እንደ ሄደች ያሰላል፤ ጂፒዩ የሚባለው ክፍል ደግሞ እንደ ሠዓሊ ሆኖ ሥዕሉን ይሥላል። አንዱ ሥዕል ከተመደበለት ጊዜ ቢዘገይ ስክሪኑ የቀድሞውን ሥዕል ደግሞ ያሳያል። ያን ጊዜ ነው ተጫዋቹ «ጨዋታው ያዘኝ» ብሎ የሚማረረው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 48 ሥዕሎች እያንዳንዳቸው በ16.7 ሚሊሰኮንድ ቢደርሱና አንድ ሥዕል ብቻ 200 ሚሊሰኮንድ ቢፈጅ፥ በጠቅላላው 49 ፍሬም ይሆናል። ቍጥሩ ሲታይ መልካም ነው። ዓይን ግን በዚያች 200 ሚሊሰኮንድ ውስጥ ጨዋታው ቀጥ ብሎ መቆሙን ያያል። እንግዲህ ለስላሳ ጨዋታ ማለት ብዙ ፍሬም የሚያሳይ ጨዋታ ማለት ብቻ አይደለም፤ ፍሬሞቹ በእኩል ጊዜ የሚከታተሉበት ጨዋታ ማለት ነው።

እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር

ይህ የአባቶቻችን ምሳሌ ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለመሣሪያም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ የወጣ አንድ ትልቅ የኮምፒዩተር ሥዕል ካርድ ብቻውን እስከ 450 ዋት ይበላል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ስቲም ዴክ የተባለ በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ግን፥ ሲፒዩውንና ጂፒዩውን በአንድነት የያዘው ቺፑ የሚፈቀድለት ከ4 እስከ 15 ዋት ብቻ ነው። የደንገል ታንኳ የሞተር ጀልባ ጭነት ቢጫንበት እንደሚሰጥም ሁሉ፥ ትንሹም መሣሪያ የትልቁን ሥራ እንዳለ ቢጫኑበት ይወድቃል።

የባትሪውም ነገር በቀላል ማካፈል ይታወቃል። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ይይዛል። መሣሪያው ከነስክሪኑ 20 ዋት ቢበላ ሁለት ሰዓት ያጫውታል፤ 10 ዋት ቢበላ ግን አራት ሰዓት ያጫውታል። በሌላ አነጋገር ፍጆታን በግማሽ መቀነስ ሁለተኛ ባትሪ እንደ መግዛት ይቈጠራል።

ከዚህም በላይ ሲፒዩና ጂፒዩ ያንኑ አንድ ኀይል ይካፈላሉ። ይህን ለመረዳት እስከ ጢስ ዓባይ መሄድ ይበቃል። በዚያ ስፍራ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964፥ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ። ለማመንጫዎቹ የሚሄደው ውኃ ከፏፏቴው በላይ ከዓባይ ተጠልፎ በቦይ ስለሚመጣ፥ ወደ ተርባይኑ ብዙ ውኃ በተላከ ጊዜ በገደሉ ላይ የሚወርደው ውኃ ይቀንሳል። ውኃው አንድ ነው፤ ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው ላይ የተነሣ ነው። በመሣሪያውም ውስጥ ሲፒዩ በማያስፈልግ ሥራ ኀይሉን ቢበላው ጂፒዩው ይራባል፤ ሥዕሉም ይዘገያል።

የሙቀት ነገር

ቺፑ የሚበላው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ በፊዚክስ የተማርነው የኀይል አለመጥፋት ሕግ ነው። ስቲም ዴክ ትንሽ ማራገቢያ አለው፤ አብዛኞቹ ስልኮች ግን ማራገቢያ ስለሌላቸው ሙቀቱ በአካላቸው በኩል ብቻ ይወጣል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መሣሪያው እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ነው አንድ ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መልካም ሄዶ በኋላ መጎተት የሚጀምረው። በዚያን ጊዜ ስልኩ ተበላሸ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ስልኩ ግን ራሱን እየጠበቀ ነው።

በባሕር ዳር ይህ ነገር በሚያዝያና በግንቦት ይብሳል። ከዚህም ሌላ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ወደ አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ ዐቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ የሚበቃ ማራገቢያ በእኛ ዘንድ ጥቂት መድከሙ አይቀርም። እንግዲህ ከፀሐይ ጥላን መምረጥ፥ ወፍራም የስልክ ልባስን ማውለቅና ቻርጅ እየተደረገ አለመጫወት ተራ ምክር አይምሰላችሁ፤ ፍጥነትን የሚጨምሩ እርምጃዎች ናቸው። ሙቀት የሊትየም ባትሪን ዕድሜም ያሳጥራል።

ባለፈው ዓመት አንድ ስልክ ጠጋኝ የቤታችንን ስልክ አገላብጦ አየና፥ «ይህ አርጅቷል፤ ሌላ ግዙ» አለን። ሌላ መግዛት ግን ለቤታችን ቀላል ነገር አይደለም። እኔና ወንድሜ ልባሱን አውልቀን፥ የማንፈልጋቸውን ፕሮግራሞች ዘግተን፥ የጨዋታውን ሥዕል ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አወረድነው። ስልኩ እንደ አዲስ አልሆነም፤ ነገር ግን ጨዋታው ሳይቆራረጥ ሄደ፤ ማታም ለጥናት የሚሆን ባትሪ ተረፈ። ስልኩ እስከ ዛሬ ያገለግለናል።

ጨዋታን ለማቅለል የሚደረጉ ነገሮች

አንደኛ፥ ፍሬሙን መገደብ ነው። ጣና ወደ ዓባይ በሚወጣበት ስፍራ ከ1996 ጀምሮ ጨራ ጨራ የሚባለው ግድብ ውኃውን ይቈጣጠራል። ቀድሞ በክረምት ብዙ፥ በበጋ ጥቂት ይወርድ የነበረው ውኃ፥ በግድቡ ምክንያት ይበልጥ የተስተካከለ ሆኗል። የፍሬም ገደብም ሥራው ይኸው ነው። አንዴ 55፥ አንዴ 34፥ አንዴ 48 እያለ ከሚዘል ጨዋታ፥ ሁልጊዜ 40 ወይም ሁልጊዜ 30 የሚል ጨዋታ ለዓይን ይለሰልሳል። 40 የሚለው ቍጥር ሰዎች እንደሚገምቱት ለ30 የቀረበ አይደለም። በ40 ፍሬም አንዱ ሥዕል 25 ሚሊሰኮንድ ይፈጃል፤ ይህም በ16.7ና በ33.3 መካከል ልክ እኩሌታው ላይ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ በሰኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ፥ 60 ለ40 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል አንዱ ሥዕል አንድ ጊዜ፥ ሌላው ሁለት ጊዜ እየታየ እንቅስቃሴው ያነክሳል። ስለዚህ የስክሪኑንም መታደስ ወደ 40 ማውረድ ያስፈልጋል፤ ስቲም ዴክ ይህን ይፈቅዳል። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣው የአጎቴ ልጅ በያዘው መሣሪያ ላይ ይህን አብረን ስንሞክር፥ የማራገቢያው ጩኸት ወዲያውኑ ዝቅ ሲል ሰማሁ።

ሁለተኛ፥ የሥዕሉን ነጥቦች መቀነስ ነው። ሥዕሉ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ የስቲም ዴክ 1280 በ800 የሆነው ስክሪን ግን 1,024,000 ብቻ አለው። ጂፒዩው አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በየነጥቡ ስለሆነ፥ ነጥቦቹ በግማሽ ሲቀንሱ ድካሙም በጣም ይቀንሳል። ከዚህ አልፎ ሥዕሉን በትንሹ ሥሎ በኋላ በብልሃት ማስፋት ይቻላል። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር የሚባል ዘዴ ይህን ያደርጋል። ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው ለ1.5 ሲካፈሉ የሚሣሉት ነጥቦች በ2.25 እጅ ያንሳሉ። በትልቅ ስክሪን ላይ ጉድለቱ ይታወቃል፤ በመዳፍ በሚያዝ ስክሪን ላይ ግን ዓይን ብዙም አይለየውም።

ሦስተኛ፥ ሩቁን ነገር በጥቂቱ መሣል ነው። ከከተማችን ዳርቻ ቆመን ወደ ሐይቁ ብንመለከት፥ በአጠገባችን ያለውን የዋርካ ቅጠል አንድ በአንድ እናያለን፤ የክብራን ገብርኤልን ደሴት ስናይ ግን ዛፎቹ ተጋጥመው አንድ አረንጓዴ ጉብታ ይሆናሉ። ጥሩ የጨዋታ ሠሪም እንዲሁ ያደርጋል። የቅርቡን ዛፍ በብዙ ሺህ ሦስት ማዕዘኖች ይሠራዋል፤ ሩቁን በጥቂቶች ብቻ ያሳየዋል፤ ከተጫዋቹ ጀርባ ያለውን ጨርሶ አይሥለውም። የማይታይ ነገር ለመሣል የሚጠፋ ኀይል በከንቱ የፈሰሰ ውኃ ነው።

አራተኛ፥ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ጂፒዩው ብርሃንን፥ ጭስንና ውኃን እንዴት እንደሚሥል የሚነግሩት ሼደር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ በመሣሪያው ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። ትርጉሙ በጨዋታው መካከል ቢደረግ ጨዋታው ይቆማል፤ ይህም እንግዳ ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጤፍ ለማስፈጨት ወደ ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ያለ ነው። ባለሙያ ሴት ሊጡን ቀድማ ታቦካለች፤ እንግዳው ሲመጣ መጋገር ብቻ ይቀራታል። ስቲም ዴኮች የሥዕል ክፍላቸው ተመሳሳይ ስለሆነ፥ ለአንዱ የተተረጎመው ለሌላውም ያገለግላል፤ ስለዚህ ቫልቭ ለብዙ ጨዋታዎች የተዘጋጀውን ትርጉም አስቀድሞ ይልካል።

የዓለም ልምድ ምን ያስተምረናል?

በ1989 ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ቦይን ባወጣ ጊዜ፥ ስክሪኑ ቀለም የሌለውና በውስጡ መብራት የሌለው ነበር። በ1990 ሴጋ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በቀለምና በብርሃን የደመቀውን ጌም ጊርን በጃፓን አወጣ። ነገር ግን ጌም ጊር ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርስ ነበር፤ ጌም ቦይ ግን በአራት ድንጋይ ከዐሥር ሰዓት በላይ ይሄድ ነበር። ገበያው የመረጠው ጌም ቦይን ነው። ከዚህ የምንማረው፥ በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ ልከኛነት ራሱ ትልቅ ብልሃት መሆኑን ነው።

ሌላው ምሳሌ ዊቸር 3 የተባለው ሰፊ ጨዋታ ነው። በ2015 ለትልልቅ መሣሪያዎች ወጣ። በ2019 ግን ሴበር ኢንተራክቲቭ የተባለው ድርጅት 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ወዳለው ወደ ኔንቴንዶ ስዊች አሻገረው፤ ጨዋታውም ከነተጨማሪ ምዕራፎቹ በአንድ 32 ጊጋባይት ካርድ ውስጥ ገባ። ይህ የሆነው በአንድ ተአምር አይደለም። ነጥቦቹን ቀነሱ፤ ፍሬሙን በ30 ገደቡ፤ ጥላውን፥ ሣሩንና የሩቁን ነገር አቀለሉ። ታሪኩን ግን አልቈረጡም። መሠረቱ ሳይነካ ጌጡ ተቀነሰ ማለት ነው።

ስለ እኛም አገር ብናገር፥ ቅኔ የተባለ የአዲስ አበባ ድርጅት በ2018 ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። በጨዋታው አንዲት ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው እየሸሸች ትሮጣለች። እንዲህ ያሉ የሩጫ ጨዋታዎች ለትንሽ ስልክ የሚስማሙበት ምክንያት አላቸው። ሯጩ ወደ ፊት ብቻ ስለሚሄድ፥ ያለፈው መንገድ ከሜሞሪ ሊወጣ ወይም ታጥፎ ከፊት ለፊት እንደ አዲስ ሊዘረጋ ይችላል። መንገዱ ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ በሜሞሪ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነው። በ2017 የወጣው ፍሪ ፋየርም ብዙ የሚያምር ሥዕል ሳይኖረው በድኻ ስልኮች ላይ የተወደደው፥ በአንድ ጨዋታ 100 ሰው ሳይሆን 50 ሰው ብቻ በማሰለፉና ሥዕሉን በማቅለሉ ጭምር ነው።

ለተጫዋቾች የሚሆን ቅደም ተከተል

አንባቢ ሆይ፥ መሣሪያህ ጨዋታ ቢከብደው ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አትለውጥ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። አስቀድመህ በጨዋታው ውስጥ አንድ የሚከብድ ስፍራ ምረጥ፤ የፍሬም መቍጠሪያ ካለ አብራው። ከዚያ አንዱን ነገር ብቻ ለውጥና በዚያው ስፍራ ደግመህ ተመልከት። በመጀመሪያ ፍሬሙን ገድብ። ቀጥለህ ጥላን ዝቅ አድርግ፤ ጥላ ከሁሉ ይልቅ ኀይል ከሚበሉት አንዱ ነውና። ከዚያ የሥዕሉን ነጥብ ቀንስ። የነጥቡ መቀነስ ምንም ለውጥ ካላመጣ፥ የደከመው ጂፒዩው ሳይሆን ሲፒዩው መሆኑን ዕወቅ፤ ያን ጊዜ በጨዋታው ውስጥ የሚታየውን የሰውና የመኪና ብዛት መቀነስ ይሻላል። የስክሪኑን ብርሃን ማሳነስም ፍሬም ባይጨምር ባትሪ ይቈጥባል። ሜሞሪው የሚበቃ ከሆነ ግን የዕቃዎቹን ገጽ ጥራት ያለ ምክንያት አታውርድ፤ ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ መልኩን በጣም ያበላሸዋልና።

በሳይንስ ቤተ ሙከራ መምህራኖቻችን የሚያስተምሩን፥ አንዱን ነገር ለውጦ ሌላውን ሁሉ ባለበት መተው የሚለው ሥርዓት ይኸው ነው። እርግጥ ነው፥ በዚህ ሁሉ ድካም እንኳ በትንሽ መሣሪያ ላይ የማይሄዱ ጨዋታዎች አሉ። ያንን ማወቅም ዕውቀት ነው፤ በከንቱ ገንዘብ ከማውጣት ያድናልና።

በመጨረሻም ለጓደኞቼ ለተማሪዎች አንድ ቃል ለማሳሰብ እወዳለሁ። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ውድ በሆነ መሣሪያ ፊት ተቀምጠው ነው፤ ስለዚህ መብራት የሚጠፋበትንና አንድ ስልክ ለብዙ ልጆች የሚሆንበትን ቤት አያስቡትም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ከመካከላችን ነገ ኮምፒዩተር የሚማር፥ ፕሮግራም የሚጽፍ፥ ጨዋታም ሆነ የትምህርት መሣሪያ የሚሠራ ሰው ቢወጣ፥ ሥራውን በመጀመሪያ በአሮጌ ስልክ ላይ ይሞክረው። በአሮጌው ላይ የሄደ በአዲሱ ላይ መሄድ አያቅተውም። በጥቂት ኀይል ብዙ መሥራት የድኻ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የመሐንዲስ ሁሉ የመጀመሪያ ሙያ ነው።